ኤጲ ማለት ላይ ማለት ነው

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ በአገሩ ከእኔ የሚበልጥ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የደብሩ ሊቅ ነዋ! የሰው ልጅ ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ሲቦርቅ እኔ ከእግሩ ሥር ተቀምጬ ቃል እለቅም ነበር። የለቀምሁትን ደግሞ አላሳድረውም፤ ወንፊት ልትዋስ ለመጣች ጎረቤት ሁሉ እዘረግፈዋለሁ። እናቴ ላቀች «ይች ልጅ አፏ መዝጊያ የለውም» ትል ነበር። እሷ እየሰጋች ነበር የምትናገረው፤ እኔ ግን እንደ ሙገሳ ነበር የምሰማው።

መንደራችን ሲማዳ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ነበረች። ወገዳ ገበያ ለመድረስ ሌሊት ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ መኳተን ነው። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ወርዶ ሁለት ዓመት መንፈሳዊ ኮሌጅ ተቀምጦ ነበርና ጽርእን፣ ማለትም የግሪኮችን ቋንቋ፣ ቀመስ አድርጎ ተመልሷል። ቃል መፈልቀቅ ይወዳል። ሌላው ሰው ባቄላ ሲፈለፍል ደስ እንደሚለው እሱ ቃል ሲፈለፍል ፊቱ ይፈካል።

«ትርሲት፣ ኤጲስ ቆጶስ ምን ማለት ነው?» አለኝ አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጠን።

«ጳጳስ ነዋ!»

«እሱማ ሹመቱ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ቃሉን ነው። ቃሉ የጽርእ ነው። ኤጲ ማለት ላይ ማለት ነው፤ ስኮፖስ ደግሞ ተመልካች። ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ ጠባቂ። አባቶች ጥምቀትን ኤጲፋንያ ይሉታል፤ እዚያም ኤጲ አለችልሽ። የቀረው መገለጥ ነው።»

«ኤጲ ብቻዋንስ?»

«ብቻዋንማ ምን አቅም አላት! እንደኛ ‹በ› ናት። ‹በ› ብለሽ ዝም ብትይ ማን ይረዳሻል? ‹በቤት›፣ ‹በመንገድ› ስትይ ነው ነገር የሚሆነው። ሌላ ቃል ተደግፋ ነው የምትሄደው።»

ይህን ነግሮኛል። አልነገረኝም ብዬ በሙት ላይ እንዳልዋሽ አስቀድሜ ልናገር። ነግሮኛል፤ እኔ ግን የወሰድሁት የጣመኝን ብቻ ነው። በእኔ ልብ ኤጲ የሚባል አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ጳጳስ ላይ ይቀመጣል፤ በጥምቀት ዕለት ደግሞ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ይወርዳል። ስሙን የምናውቀውም እኔና አባቴ ብቻ ነን።

እኅቴ ሰብለ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እትዬ ሰብለ ነው የምላት። ጠጉሬን ስትሠራኝ እየቆነጠጠች የምታስቀኝ፣ ሴት ልጅ አታፏጭም ሲሏት ጓሮ ዞራ የምታፏጭ ልጅ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ባቄላ ስታርም ወደቀች። አረፋ ደፈቀች፤ እጅና እግሯ ተንፈራገጠ። አባቴ ማንንም ሳያማክር በበቅሎ ጭኖ ወገዳ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ካርድና ነጫጭ ኪኒን ተሰጣት፤ ከዚያ ወዲያ ለአሥራ አንድ ወር አልወደቀችም። እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማየው ሌላ ነበር።

የማየው ይህ ነው። ከራት በኋላ፣ እኔ ተኛች ስባል፣ አባቴ ከመጻሕፍቱ ጀርባ አንዲት ፖስታ ያወጣል። ከፖስታዋ ነጭ ፍሬ የመሰለ ነገር ያወጣና «በይ ዋጪ» ይላታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትውጣለች። አባቴ ያማትብባታል፤ ፖስታዋም ወደ ጀርባ ትመለሳለች። አንድ ምሽት ካርዱን ኩራዙ አጠገብ ይዞት እትዬ ሰብለ «ምን ይላል አባዬ?» ስትለው ሰማሁ።

«ኤጲሌፕሲያ ይላል። ፈረንጅ ጲን መጥራት ስለማይሆንለት ‹ኤፒ› ይላታል እንጂ ያችው ኤጲ ናት፤ ላይ። የቀረው መያዝ ነው። ላይ ወርዶ የሚይዝ እንደማለት። የጥንት ግሪኮች መንፈስ ነው የመሰላቸው...»

«ያች ልጅ አልተኛችም!» አለች እናቴ፤ ጋቢውን እስከ አናቴ ሳበችብኝ። የቀረውን አልሰማሁም።

የቀረውን ያጫወተችኝ እትዬ ሰብለ ናት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ። አባቴ ቀጥሎ ያላት «መንፈስ መሰላቸው፤ ከራሳቸው መካከል ግን አንድ ሐኪም ተነሥቶ የለም፣ ይህ የአንጎል ሕመም ነው አለ። ስሙ እንደ ድሮው ቀረ እንጂ ነገሩ ከታወቀ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። አይዞሽ» ነበር። እኔ ከጋቢ ውስጥ ይዤ የተኛሁት ግን ኤጲ እኅቴ ላይ መውረዱን፣ አባቴም በየማታው ነጭ ፍሬ እየሰጠ እንደሚቀልበው ነው። ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። ጳጳስ ላይ የሚቀመጠው ነገር እኛ ቤት ገባ ብዬ ኮራሁ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ መድኃኒቱ ከወገዳ ጠፋ። ለሦስት ሳምንት አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኅዳር ሚካኤል፣ ታቦት ወጥቶ እልል በሚባልበት ሰዓት፣ እትዬ ሰብለ በሴቶች መካከል ወደቀች። ሕዝቡ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «ለሃጯ እንዳይነካችሁ! እንዳትነኳት፣ ይሸጋገራል!» አንዱ ከሩቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ ያራግባል፤ እጁ ግን አይደርስባትም። በአገራችን የወደቀ ሰው አይነካም። ራሱ እስኪነሣ ይጠበቃል፤ እሳት ላይም ቢሆን፣ ውኃ ላይም ቢሆን። አባቴ መቋሚያውንና ጸናጽሉን ለሌላ አቀብሎ መጣና መሬት ላይ ተቀምጦ ራሷን ጭኑ ላይ አደረገ። ሰው ሁሉ አየው። እኔም አየሁ፤ ኤጲን የማይፈራው ስለሚቀልበው ነው ብዬ አሰብሁ።

ማታ እናቴ አለቀሰች። «አንቱ ሰው፣ እስካሁን ደበቅናት። አሁን አገር አይቷታል። ጠበል ካላስገባናት ምን ይሉናል? ማንስ ያገባታል?»

«መድኃኒቱ መጥቷል ብለውኛል፤ ነገ እወርዳለሁ» አላት አባቴ።

«ይምጣ! ጠበልም ትግባ!»

አባቴ ተሸነፈላት። «ትግባ። በጠበል ላይ የሚናገር አፍ የለኝም። ግን ኪኒኑን አንድ ቀን እንዳታቋርጥ። እግዚአብሔር በጠበሉም በሐኪሙም ነው የሚያድነው።»

ጠበሉ ከመንደራችን በታች ገደል ውስጥ ነው። የሚያጠምቀው ፈንታ የሚባል ሰው ነበር፤ ክህነት የለውም፣ ድምፁ ግን ከካህናቱ ሁሉ ይገዝፍ ነበር። የመጀመሪያው ሕጉ «ጠበልና ኪኒን አንድ ሆድ ውስጥ አያድሩም» የሚል ነው። ካህናቱ እንዲህ ብለው አያውቁም፤ ሕዝብ የሚከተለውን ሰው ለመገሠጽ ግን ደፋር አልተገኘም። ስለዚህ አባቴ የሰጣትን ፖስታ እትዬ ሰብለ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። በየምሽቱ ዞር ብላ አንዲት ትውጣለች። እናቴና እኔ እየከለልናት።

የፈንታ ሁለተኛ ሕግ ስም ነው። በሽተኛው ጠበሉ ሥር ይቆማል፤ ፈንታ መቁጠሪያውን አንሥቶ «ማን ነህ? ስምህን ተናገር! ከየት ያዝኻት?» ይላል። መንፈሱ ስሙን ከተናገረ እልል ይባላል፤ ስም የተናገረ አደረ ዋለ ይወጣል፤ በሽተኛውም ስንቁን አሥሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ሴት በወፍራም ድምፅ የማላውቀውን ስም ጠራች፤ «ከወንዝ ዳር ያዝኋት» አለች፤ በማግስቱ እየሳቀች አቀበቱን ወጣች።

እትዬ ሰብለ ግን ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ማንም የለም። እኔ ሰብለ ነኝ» ትላለች።

«ተሸሽጓል! ብልጥ ነው!» ይላል ፈንታ፤ መቁጠሪያው ጀርባዋ ላይ ያርፋል።

የታዘዘው ሰባት ቀን አለቀ። «ሰባት ይጨመር» ተባለ። ማታ እናቴ ጀርባዋን እምነት ስትቀባት ሰምበሩን ቆጠርሁት፤ መቁጠር የምወድ ልጅ ነበርሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ምሽት እትዬ ሰብለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ትርሲቴ፣ አንድ ስም ፈጥሬ ልንገራቸውና ይልቀቁኝ?» አለችኝ።

«ውሸት ኃጢአት ነው» አልኋት። የመሪጌታ ልጅ አይደለሁ!

«እውነቱን ታዲያ ማን ያውቀዋል?» አለችና ፊቷን አዞረች።

እኔ አውቀዋለሁ! ይህ እንዴት እስካሁን አልታሰበኝም ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ስም ነው የቀረው፤ ስሙም እኔ ዘንድ ነው ያለው። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ ያደርሁበት ጊዜ የለም።

በማግስቱ ፈንታ «ማን ነህ?» ሲል፣ እትዬ ሰብለ ዝም ስትል፣ መቁጠሪያው ሲነሣ፣ ጮህሁ። «ስሙ ኤጲ ነው!»

ፈንታ ወደ እኔ መጣ። ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር፤ ግን ተንበርክኮ ፊቱን ከፊቴ ጋር አስተካከለ። «ማን አልሽ፣ ልጄ?»

«ኤጲ። ላይ ነው የሚቀመጠው። ከላይ ወርዶ ነው የያዛት።»

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ። የኤጲ ስም በመጽሐፍ አለ። ማታ ማታ ነጭ ነገር ያበላዋል። አሁንም መቀነቷ ውስጥ አለ።»

እልልታው ገደሉን ሞላው። ሴቶች ግንባሬን ሳሙኝ። አንዷ የቋጠረችውን ሽምብራ ቆሎ እጄ ላይ ዘረገፈችልኝ። ፈንታ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «በሕፃን አፍ ተገለጠ!» አለ። ከዚያ ፖስታዋ ውኃ ውስጥ ገባች፤ ነጫጮቹ ፍሬዎች ተበትነው ሲሄዱ አየሁ። ፈንታ ከመቀነቷ ፈትቶ እንደወረወራት ነበር የማስታውሰው። ለሃያ ዓመት ፈንታን እየረገምሁ ኖርሁ፤ መርገም ያሳርፋል።

እትዬ ሰብለ ናት ያረመችኝ። ባለፈው ዓመት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤቷ ተቀምጠን፣ «ፈንታ አይደለም» አለችኝ። «እኔ ነኝ የወረወርሁት። አንቺ ስሙን ስትጠሪ አመንሁሽ። አባዬ የነገረኝን ሁሉ ረሳሁት። በቃ፣ ታወቀ፣ ዳንሁ አልሁ። በገዛ እጄ ፈትቼ ወረወርሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ይህን ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ። ያን ደስታ የሰጠኋት እኔ መሆኔን አላውቅም ነበር። እስከዚያ ድረስ እሷን የበደላት ፈንታ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መጀመሪያ ያታለልኋት እኔ ነኝ።

የዚያው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ደጀ ሰላም ተጠራ። ካህናቱና ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል። እሱ ቆሟል። እኔ ከእናቴ አጠገብ ሽምብራዬን እቆረጥማለሁ።

ቄሰ ገበዝ ይሁኔ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቃላቸው ከብዷቸው ነበር። «መሪጌታ፣ እንዲያው ይቅር ይበሉኝና፣ ኤጲ ማለት ምንድን ነው?»

«ላይ ማለት ነው» አለ አባቴ።

«በማን ላይ?»

«በማንም ላይ አይደለም፣ አባቴ። የቃል መነሻ ነው። ኤጲስ ቆጶስ ስንል እኮ እርስዎም ይጠሩታል።»

ማጉረምረም ተነሣ። «ጭራሽ በጳጳስ ስም!» አለ አንዱ ከኋላ። በአገራችን የተማረ ሰው ይከበራል፤ ይጠረጠራልም። አስማት ይደግማል፣ መንፈስ ይስባል የሚለው ወሬ ከሊቅ ጀርባ አይጠፋም። አሁን የገዛ ልጁ መሰከረችበት።

«ልጅዎ በሕዝብ ፊት ተናግራለች» አሉ ቄሰ ገበዝ። «ዋሽታ ነው ይሉናል?»

አባቴ አየኝ። እስከ ዛሬም ያየኛል። ያኔ የተያዘ ሰው አስተያየት ነበር የመሰለኝ፤ አንገቱን የደፋው ምስጢሩ ስለወጣበት ነው ብዬ ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። ዋሽታለች ቢል በማግስቱ ጠበሉ ሥር የምቆመው እኔ ነኝ። ሐሰተኛውን ስም ያናገራት የያዛት መንፈስ ነው ይሉኛል። መቁጠሪያው የሚነሣው በዘጠኝ ዓመት ጀርባ ላይ ነው።

«ልጄ አልዋሸችም» አለ። «ከእኔ የሰማችውን ነው የተናገረች።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገም። ከማሕሌት ከለከሉት። እሱም «እሺ» ብሎ መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ቤት እንደደረስን ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ለእናቴ ያላት «ኪኒኑ ከተቋረጠ ስንተኛ ቀን ነው?» ብቻ ነው።

«አራተኛ።»

«ስንቅ ቋጥሪልኝ። ወገዳ እወርዳለሁ።»

ዛሬ ነርስ ነኝ። ያ መድኃኒት በአንድ ቀን ተቆርጦ የሚተው እንዳልሆነ ለስንቱ አስረድቻለሁ። ድንገት ያቆመው ሰው ከመጀመሪያውም የከፋ ይመጣበታል። አባቴ ይህን ሐኪሙ ነግሮት ያውቅ ነበር። በእግሩ ሮጦ ነው የሄደው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እናቴ ውኃ ወርዳለች። እትዬ ሰብለ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ገብስ ትቆላለች፤ እያፏጨች። ድናለቻ! እኔ በሩ አጠገብ ነበርሁ። ፉጨቱ ተቋረጠ። ቀና ስል ዓይኗ ተገልብጧል። በጎኗ ወደቀች፤ ቀኝ እጇ ምድጃው ውስጥ ገባ።

ሦስት እርምጃ ነው የሚለየን። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቀሚሷን ይዤ ብጎትት ትመጣልኝ ነበር። እንኳን እሷን፣ ጥጃ እጎትት ነበር። አልነካኋትም። አይነካም ስለተባለ ብቻ አይደለም። ስሙን ጠርቼበታለሁ፤ ያውቀኛል፤ ብነካት ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ። የገብሱ ቆሎ ሲያር ይሸታል፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር ሸተተኝ። «ኤጲ ልቀቃት፣ ኤጲ ልቀቃት» እል ነበር፤ በለሆሳስ፣ እንዳይሰማኝ።

እናቴ እንስራውን ደጅ ጥላ ገባችና አወጣቻት። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምሁ አላውቅም። የእትዬ ሰብለ ጣቶች ግን ይናገራሉ፤ ከአምስቱ የቀሩላት አውራ ጣቷና ሌላ አንድ ናቸው። ለሰው ሁሉ «ደጅ ነበርሁ» አልሁ። እናቴም «ልጅቱ ደጅ ነበረች» እያለች ኖረች፤ ትመነኝ አትመነኝ ጠይቄያት አላውቅም። አባቴ ማታ መድኃኒቱን ይዞ ደረሰ። እጇን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ኪኒኑን አውጥቶ በውኃ አዋጣት፤ እንደ ሁልጊዜው አማተበባት።

ዓመቱ ሳያልቅ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገባን። ማሕሌት ሲመራ የኖረ ሊቅ በሰው አገር ለሞተ ሰው ዳዊት እየደገመ አሳደገን። የመንደራችን ሰው ገበያ ሲያገኘው «ኤጲ ሳቢው» ይለው ነበር ከኋላው፤ ይሰማል፤ አይዞርም። ሌላ ቃል ፈልቅቆ አላስተማረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ታሞ በተኛ ጊዜ ሁለት ወር አስታምሜዋለሁ፤ በየቀኑ ዛሬ ይቅር በለኝ እለዋለሁ እያልሁ። አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ሙቀቱን እለካለሁ፣ ወሬ አወራለሁ። ያ መዝጊያ የሌለው አፍ ያን ጊዜ ተዘጋ። በቀብሩ ቀን ሰዎች «እንደ አንቺ ያለች ልጅ ይስጠን» አሉኝ።

እትዬ ሰብለ ዛሬ ድረስ ኪኒኗን ትውጣለች። ከዚያ ወዲያ አልወደቀችም። በሁለት ጣት ጥጥ ትፈትላለች፤ እኔ በአሥር የማልችለውን።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እኔ ያቦካሁት ግን ለአገር ተረፈ።

አምና ሥራዬ ወደ ወገዳ ተዛወረ። በሐምሌ ዝናብ የኔነሽ የምትባል ሴት የስድስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከእኛ ገደል በኩል ነው የመጣችው፤ እኔ ማን እንደሆንሁ አታውቅም።

«ሲስተር፣ ልጄን ኤጲ ያዘብኝ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። «ማን?»

«ኤጲ ነዋ! አያውቁትም? በእኛ አገር የማያውቀው የለም። ከሰው ላይ የሚቀመጥ ነው። ጠበል ላይ ስሙ ሲጠራ ልጄ ተንቀጠቀጠች። ኪኒን አይወድም ይላሉ፤ ኪኒኑ ወንዝ ካልገባ አይለቅም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ለምን መጣሽ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሳት ላይ እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ። ባሌ አያውቅም።»

መድኃኒቱን አወጣሁ። በየማታው አንድ፣ ሳይቋረጥ፣ አልኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። ዓይኗ ከእባብ እንደሚሸሽ ከፖስታው ሸሸ። ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ነገር ከሆዴ ወጣ። «ስሚኝ፣ ኤጲ የሚባል የለም» አልኋት። «እኔ ነኝ ያን ስም ያመጣሁት። ልጅ ሆኜ፣ ጠበሉ ላይ፣ ከአባቴ የሰማሁትን ቃል ሳይገባኝ ጮህሁት። ቃል ነው። ላይ ማለት ነው። ሌላ ምንም አይደለም።» ሁሉንም ነገርኋት፤ የእኅቴን እጅ፣ እሳቱን፣ ግድግዳውን። ለአባቴ ያልተናገርሁትን ለማላውቃት ሴት ተናገርሁ።

የኔነሽ አፏን ይዛ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀስ ብላ ተነሣች። ትታኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

«እርስዎ ነዎት? ያች ሕፃን?» አለችኝ። «መልአክ አፏን የከፈተላት? እናቴ ነበረች ሽምብራ የሰጠችዎ! እስክትሞት ትተርከው ነበር።» ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ቀና ለማድረግ ስታገላት ልጇን አንሥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችብኝ። «ስሙን ያወቁት እርስዎ ከሆኑ ለእርስዎ ይታዘዛል። ጠርተው ይዘዙልኝ።»

«አልሰማሽኝም፤ የለም እኮ ነው የምልሽ!»

«ይሁን፣ የለም» አለች፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ብቻ ይጥሩልኝ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። የላይኛው ጥርሷ ወልቋል። ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ነው። እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ እውነቱ አልሠራም። ካልጠራሁ ኪኒኑ ወይ እዚሁ ይቀራል፣ ወይ ወንዝ ይገባል። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እጄን አናቷ ላይ አደረግሁ። «ኤጲ» አልሁ። ድምፄ የፈንታን ድምፅ መሰለኝ። «ይህን ኪኒን በየማታው ሳታቋርጥ ትውጣለች። አንተም ዝም ትላለህ።»

የኔነሽ እልል አለች። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ፖስታውን ሳመችና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ልጅቱ ይኸው ዓመት ሊሆናት ነው፤ አንድ ቀን አልወደቀችም። በየወሩ መድኃኒቷን ይወስዳሉ። እናቷ ደግሞ አፏ መዝጊያ የለውም፤ አገር ለአገር አወራችው። አሁን ከገደሉ ማዶ ሁሉ ልጃቸውን አዝለው ወደ እኔ ይመጣሉ። ለእያንዳንዷ መጀመሪያ እውነቱን እነግራታለሁ፤ ቃል ነው፣ ላይ ማለት ነው፣ በሽታው የአንጎል ነው እላለሁ። እያንዳንዷ በትሕትና አዳምጣ ስትጨርስ ልጇን ጭኔ ላይ ታስቀምጣለች። ለእትዬ ሰብለ አልነገርኋትም።

ትናንት አሥራ አንደኛዋ መጣች። አስረዳኋት። ሰማችኝ። «እሺ፣ ሲስተር፤ አሁን ይጥሩልኝ» አለችኝ።

ጠራሁት።